የሚሮጥ ውሃን በፎቶግራፍ ስለ መያዝ፤ ከጮቄ ተራራ እስከ ጢስ ዓባይ

በ1976 የወጣውን የአንድ ብር ኖት ታላላቆቻችን ያስታውሱታል (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶችን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንሰጣለን)። በጀርባው ወፎችና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተሥለውበት ነበር። ባሕር ዳርን በዐይኑ ያላየ ብዙ ሰው ጢስ ዓባይን ያወቀው ከእጅ ወደ እጅ ከምትዞረው ከዚያች ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያም ወዲህ በቀን መቍጠሪያው፣ በሆቴሉ ግድግዳ፣ በጉብኝት ወረቀቱ የምናየው ጢስ ዓባይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከገደሉ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ የሚወርድ፣ ጢሱ እስከ ሰማይ የሚደርስ። ይህን ሥዕል አይቶ በመጋቢት ወር ወደዚያ የሚወርድ መንገደኛ ግን ጥቍር ቋጥኝ፣ በቋጥኙም ላይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ያገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ «ፎቶግራፉ ዋሸን» ይላል። በእኛ አስተያየት ፎቶግራፉ አልዋሸም። ያጐደለው አንድ ነገር ነው፤ የተነሣበትን ቀን አልተናገረም።

እኛ ካሜራ አንግተን በየዕረፍቱ ወደ ጎጃም የምንወጣ ጥቂት ተማሪዎች ስለዚህ ጕዳይ ብዙ ተከራክረናል። ከክርክሩም የተረፈው ይህ ነው፤ ወንዝን ወይም ፏፏቴን የሚያነሣ ሰው ስለ ውሃው የሚመሰክር ሰው ነው፤ የካሜራውንም ሥራ ሁሉ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ሳይቀር፣ ለዚህ ምስክርነት ማስገዛት አለበት። ከዚህ በታች የምናቀርበው ትምህርት ውድ መሣሪያ ላለው ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው በእጅ ስልክም የሚሠራ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ዞሮ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይከበዋል። በቀለበቱ መካከል ጮቄ ተቀምጧል፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ደብረ ማርቆስ ከተራራው በስተደቡብ በ2,400 ሜትር ግድም ስትገኝ፣ ከደጀን አፋፍ ቍልቍል የሚታየው የዓባይ ወለል ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትርን ጥቂት ቢያልፍ ነው። እንግዲህ ከጮቄ ራስ የተነሣ ውሃ ዓባይ እስኪደርስ 3,000 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብ፣ ተምጫ፣ ብር ሁሉም ከዚህ ተራራና ከጐኖቹ የሚፈልቁ ናቸው። ሊቃውንት ጮቄን «የውሃ ማማ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ደጋው በንብብር የተቀመጠ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ለስላሳው ንብብር እየታጠበ ጠንካራው ሲቀር ወንዙ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይዘላል። ስም ያልወጣላቸው ትንንሽ ፏፏቴዎች በየሸለቆው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጀማሪም ከጢስ ዓባይ ይልቅ እነርሱ ይሻላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ወር መምረጥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጮቄ ወንዞች ሙሉ ናቸው፤ ቀለማቸው ግን የቡና አተላ ይመስላል። ያ ቀለም አፈር ነው። ከታረሰው ተዳፋት ላይ ተጠርጎ ወደ ዓባይ የሚወርድ የገበሬው መሬት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውሃው ገና ብዙ ሆኖ ጠርቷል፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩም ታጥቧል። ለዐይን ደስ የሚል ሥዕል የሚፈልግ ሰው ይህን ጊዜ ይምረጥ። በየካቲትና በመጋቢት ብዙው ጅረት ይከሳል፤ አንዳንዱም በኩሬ ብቻ ይቀራል። ጢስ ዓባይ ግን ከእነዚህ ወንዞች ጋር እኩል አይሞላም። ዓባይ ከጣና ስለሚወጣ፣ ሐይቁም የክረምቱን ውሃ እንደ ገንዳ እያጠራቀመ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ፣ የሐይቁ ሙላት ወደ መስከረም ይዘገያል። ስለዚህ ነሐሴን በጮቄ፣ መስከረምን በጢስ ዓባይ ማዋል ይገባል።

የጢስ ዓባይ ነገር ከወር ምርጫ በላይ ስለ ሆነ ጥቂት እንቈይበት። ገደሉ ወደ 42 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1964 ነው፤ ኃይሉ 11 ሜጋዋት ያህል ስለ ነበር ከወንዙ የሚወስደው ውሃ ጥቂት ነበር። በ1996 በሐይቁ መውጫ የጨረጨራ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ በ73 ሜጋዋት ኃይል ተጨመረ፤ ውሃውም ከገደሉ ጫፍ ላይ ተጠልፎ ወደ ማሽኑ ይሄድ ጀመር። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመርቆ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ተላለፈ። መብራቱን የምናነብበት ነውና ሥራውን ለመንቀፍ አልተነሣንም። የምንለው ይህ ነው፤ ከ1964 በፊት፣ ከ1996 በፊት፣ ከ2001 በኋላ የተነሡ ሦስት ፎቶግራፎች የሦስት ልዩ ልዩ ወንዞች ፎቶግራፎች ናቸው፤ ቀን ካልተጻፈባቸው ግን ሦስቱም «ጢስ ዓባይ» ከመባል አያልፉም። ቀጭኑን ውሃ አይቶ ካሜራውን ሳይከፍት የሚመለስ ተማሪ ትልቅ ነገር አምልጦታል። ባዶው ቋጥኝም መነሣት አለበት።

አሁን ወደ ካሜራው እንመለስ። በውሃ ፎቶግራፍ ከሁሉ የሚበልጠው ምርጫ መዝጊያው ስንት ጊዜ ተከፍቶ ይቈይ የሚለው ነው። በሴኮንድ አንድ ሺሕኛ (1/1000) ወይም አንድ አምስት መቶኛ (1/500) ብናነሣ እያንዳንዱ ጠብታ በአየር ላይ ቆሞ ይታያል። በ1/30 ወይም በ1/15 ውሃው መሮጡን ያሳያል፤ ጅማቱና ክርክሩ ግን አይጠፋም። አንድ ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ውሃው እንደ ሐር ወይም እንደ ጭጋግ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ዛሬ በየመጽሔቱና በየስልኩ የተወደደ ነው። ከመካከላችንም አንዱ «ዐይን የማያየውን ማሳየት የካሜራ መብት ነው» ብሎ አጥብቆ ይሟገትለታል። በጥቅምት ጠርቶ ለሚወርድ ምንጭ ይሁን እንላለን። ለነሐሴ ጨሞጋ ግን አይሆንም። ያ ወንዝ ግንድ ይዞ፣ የአፈር ጓል ይዞ፣ ማዕበል እያነሣ ሲወርድ በሁለት ሴኮንድ ብናነሣው በረካ ቡና የተሞላ ሰሐን ይመስላል፤ ቍጣውም አፈሩም ይጠፋል። ለጎርፍ 1/500ን እንመርጣለን። በመካከል ላለው ሁሉ 1/15 ወይም 1/30 ይበቃል፤ እኛም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አንወጣም።

በቀን ብርሃን መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ መክፈት ለሚፈልግ ሰው ብርሃን የሚቀንስ ጥቍር መስታወት በሌንሱ ላይ መግጠም ያስፈልገዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ብርሃንን 64 ጊዜ የሚቀንስ መስታወት ከሆነ፣ ያለ መስታወት 1/60 የሚበቃው ሥዕል ከመስታወቱ ጋር አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። ሺሕ ጊዜ የሚቀንስም አለ፤ በእርሱ ያው ሥዕል 16 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካሜራው መንቀሳቀስ የለበትም። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ከሌለ ጋቢን አጥፎ በድንጋይ ላይ አድርጎ ካሜራውን መጫን፣ መክፈቻውንም በጣት ሳይነኩ በራሱ ሰዓት ከሁለት ሴኮንድ በኋላ እንዲከፈት ማዘዝ ነው። ማቆሚያ ያለው ሰው ደግሞ እግሩን በሚሮጥ ውሃ ውስጥ አያቁመው፤ ውሃው እግሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሥዕሉም ይደበዝዛል።

ብዙ ጀማሪ የሚቸገርበት ሌላ ነገር ብርሃን መመጠን ነው። የካሜራው ብርሃን ለኪ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ሥዕሉን የሞላው ነጭ አረፋ ከሆነ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ አረፋውም የቈሸሸ ነጠላ ይመስላል። ያን ጊዜ ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ ወይም በአንድ ደረጃ መጨመር ይገባል። በበጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሥዕሉን የሞላው ጥቍር ቋጥኝ፣ ውሃው ግን ቀጭን መስመር ሲሆን፣ ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ይጨምርና ውሃው ምንም መልክ የሌለው ነጭ ክር ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አንድ ደረጃ መቀነስ ነው። በስልክ ለሚያነሣ ሰው ጣትን በአረፋው ላይ አሳርፎ የብርሃኑን ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳብ ያንኑ ያደርጋል።

ፀሐይን በሚመለከት፣ ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ግድም ላይ ስለ ሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ በአንድ ሰዓትም ወደ 15 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች። የአውሮፓ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ለስላሳው የጥዋት ብርሃን ለሰዓታት እንደሚቈይ አድርገው ቢጽፉ ለእነርሱ አገር ነው። እዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በቦታው ያልተገኘ ሰው 2 ሰዓት ሳይሞላ ጥላው ጠንክሮበት ያገኘዋል። ጥልቅ ሸለቆ ግን ሌላ ሕግ አለው። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ገደል ፀሐይ ዘግይታ ትገባበታለች፤ አንደኛው ግድግዳ ሲበራ ሌላው ጨለማ ነው፤ ካሜራውም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይችልም። ያን ጊዜ አንዱን መምረጥ ወይም ደመና እስኪጋርድ መጠበቅ ነው። ለውሃና ለጫካ ደመናማ ቀን ከጠራ ቀን ይሻላል። በበጋ ደግሞ በሸለቆው ላይ የሚያንዣብብ ጭጋግና አቧራ ስላለ፣ ከአፋፍ ሆኖ ሩቅ የሚያነሣ ሰው ዝናብ ከዘነበ ማግስት ያለውን ጥዋት ይጠባበቅ።

ከጢስ ዓባይ ፊት ስለሚታየው ቀስተ ደመናም አንድ ቃል። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከኋላችን ስትሆን ነው፤ ከጥላችን አቅጣጫም 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ይቆማል። ስለዚህ በደልዳላ ሜዳ ላይ ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች አይታይም። በፏፏቴ ፊት ግን ወደ ታች ወደ ጢሱ ስለምንመለከት ከዚያ በኋላም ሊታይ ይችላል። በእርጥብ ድንጋይና ቅጠል ላይ ያለውን ነጸብራቅ የሚያጠፋውን ማጣሪያ መስታወት የገጠመ ሰው ይጠንቀቅ፤ ያው መስታወት ሲዞር ቀስተ ደመናውን ጨርሶ ያጠፋዋል። ጢሱም ሌንሱን ያረጥባል። ካሜራውን ሸፍኖ ቆይቶ፣ ማዕቀፉን አስተካክሎ፣ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማንሣት እንጂ ከፍቶ መጠበቅ አይገባም።

አንዳንድ አንባቢ «ስለ ግግር በረዶስ?» ይል ይሆናል፤ ስለ ተራራ ውሃ የሚጽፍ የውጭ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ምዕራፍ ይሰጠዋልና። ዛሬ በኢትዮጵያ ግግር በረዶ የለም። በባሌ፣ በአርሲና በሰሜን ተራሮች ግን ከብዙ አሥር ሺሕ ዓመታት በፊት እንደ ነበረ ድንጋዩ ይመሰክራል። በጮቄ የምናገኘው የሌሊት ውርጭና በክረምት መሬቱን ለጥቂት ሰዓት የሚያለብሰው የሰማይ በረዶ ነው። እርሱን ለማንሣት ስለ አረፋ የተናገርነው ሁሉ ይሠራል፤ ብርሃን መጨመር ነው። ከነጩ መሬት ላይ የቆመ ጅብራ ካለ ሥዕሉ ሌላ ምንም አያስፈልገው። በአፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ብቻ ነው፤ በሦስቱም እያለቀ ነው። በ1906 የአብሩዚው መስፍን ወደ ርዌንዞሪ ሲወጣ ቪቶሪዮ ሴላ የሚባል ጣልያናዊ ፎቶ አንሺ አብሮት ነበር። ሴላ በዚያ ያነሣቸው ሥዕሎች በጊዜው የተራራ ውበት ማሳያ ነበሩ። ዛሬ የጠፋው በረዶ እስከ የት ደርሶ እንደ ነበር የሚለካባቸው ሆነዋል።

ወደ አገራችንም ስንመጣ እንዲህ ያለ ሥራ አለ። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ የመቀሌና የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች እነዚያን ሥዕሎች ይዘው በትግራይ ተራሮች ላይ ቦታዎቹን እየፈለጉ ከዚያው ነጥብ ላይ ደግመው አነሡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ በብዙ ቦታ ዛፉና ቍጥቋጦው በ1868 ከነበረው ይልቅ ዛሬ በዝቶ ተገኘ። «አገሩ ድሮ ጫካ ነበር፤ በእኛ ዘመን ጠፋ» የሚለው የተለመደ ንግግር በእነዚህ ቦታዎች አልጸናም። ለጮቄ እንዲህ ያለ ማስረጃ የት አለ? በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ዞሮ ካርታ አንሥቷል፤ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍም ፎቶግራፎች አሉበት። ከእርሱ ሥዕሎች መጀመር ይቻላል። የጮቄን ምንጮች በተመለከተ ግን መጀመሪያውን ሥዕል የምናነሣው እኛ ነን ብለን ማሰብ ይሻላል፤ ደጋሚዎቹ ገና አልተወለዱም።

አሁን ስለ ሰው እንናገር፤ ብዙ የውሃ ፎቶ አንሺ ሰው ከሥዕሉ እስኪወጣለት ድረስ ይጠብቃልና። እኛ በዚህ አንስማማም። ከሞጣ በታች በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። ድልድዩ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ሲሆን በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱ ቅስት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሰው የሚሻገረው ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ሰዎች በገመድ እየጐተቱት ነበር። ይህ መሻገር በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ሰው በ2001 ያን ሥዕል አይቶ ተነሣ፤ ወደ ጎጃም መጣ፤ ድልድዩም ተጠገነ። «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የሚባለው፣ በብዙ አገሮች የእግር ድልድይ የሚሠራ ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ያ ፎቶ አንሺ ገመድ ጐታቾቹ እስኪሄዱ ጠብቆ ወንዙን ብቻ እንደ ሐር አድርጎ አንሥቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር? ሰው በሥዕሉ ውስጥ ሲኖር የገደሉ ከፍታና የወንዙ ስፋት ይታወቃል፤ ከዚያም በላይ ውሃው ለማን ምን እንደ ሆነ ይታወቃል። እንስራ የተሸከመች፣ ከብት የሚያጠጣ፣ ሙላት አላሻግር ብሎት ከዳር የቆመ መንገደኛ ከውበቱ አይቀንሱም።

ነገር ግን ሰውን ሳይጠይቁ ማንሣት አይገባም። «ጋሼ፣ እናንሣዎት?» ወይም «እማማ፣ ይፍቀዱልን» ማለት ጊዜ አይፈጅም። በጎጃም ደግሞ ብዙው ምንጭ ጸበል ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጀምስ ብሩስ በ1770 ያዩት፣ በሰከላ ያለው የግሼ ዓባይ ምንጭ ለምእመናን የተቀደሰ ስፍራ እንጂ የካሜራ መድረክ አይደለም። ካህናቱን ሳያስፈቅዱ፣ ጸበልተኛም ራቁቱን ባለበት ካሜራ መክፈት ነውር ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ባሉት የዓባይ ድልድዮች ዘበኛ ስለሚኖር እዚያም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመንገዱንም ሰላም ከደብረ ማርቆስ ሳይወጡ ከነጂዎች ማጣራት ነው።

ሥራውን ለመጀመር ሦስት ቦታዎችን መርጠናል፤ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚወርደውን ጨሞጋን፣ በስናን በኩል የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰውን የጮቄን አናትና ጢስ ዓባይን። በእያንዳንዱ ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረም መጀመሪያና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከአንድ ነጥብ ላይ እናነሣለን። ነጥቡን ለመመለስ የሚረዳው ዘዴ እንዲህ ነው፤ ከፊት ያለ አንድ የማይነቀል ድንጋይና ከኋላ ያለ አንድ የተራራ ጫፍ በአንድ መስመር የሚሰለፉበትን ስፍራ መፈለግ፣ ከዚያም ወደ ጎን እንዲሁ ሁለተኛ መስመር ማግኘት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ የቆመ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን ቦታውን አይስትም። ዛፍን ምልክት ማድረግ አይበጅም፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተቈርጦ ይገኛል። ስልክ የቦታውን ቍጥር በራሱ ቢመዘግብም በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል በእርሱ ብቻ አንታመንም።

ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር የሚጻፈው የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ፣ ሌንሱና የመዝጊያው ፍጥነት፣ ባለፈው ሌሊት ዝናብ መዝነብ አለመዝነቡ፣ በጢስ ዓባይ ከሆነም ማመንጫው ያን ቀን ውሃ ወስዶ እንደ ሆነ ከዘበኞቹ ተጠይቆ የተገኘው መልስ ነው። በስልክ የተነሣው በመላክ ብዛት ቀኑ ይጠፋበታልና ቀኑንና ቦታውን የሥዕሉ ስም ማድረግ ይሻላል። በወረቀት የታተመው ደግሞ በጀርባው በለስላሳ እርሳስ ይጻፍበት፤ የብዕር ቀለም ወደ ፊት ያልፋል።